«ተቃጥሏል» ተብሎ የሚጣለው ቺፕ

አልነሳ ያለን ቺፕ «ተቃጥሏል» ብሎ መጣል መርካቶ አጠገብ ላለ ሰው ብዙም አይጎዳውም፤ ምትኩን እዚያው ይገዛል። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ባለችው ሸዋ ሮቢት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሽንኩርትና ማሾ በሚመረትበት የይፋት ቆላ፣ የአፈር እርጥበት ለክቶ የመስኖ ፓምፕ የሚያስነሳ መሣሪያ ልሥራ የሚል የቴክኒክና ሙያ ተማሪ አንዲት ቺፕ ስትበላሽበት ሥራው ይቆማል።

የሚገርመው፣ ብዙ ጊዜ ቺፗ ምንም አልሆነችም።

በአርዱዊኖ ኡኖ ቦርድ ላይ የምትገኘው ኤቲሜጋ328ፒ ከፋብሪካ ስትወጣ የምትሠራው በውስጧ ባለው 8 ሜጋ ኸርዝ ኦሲሌተር (የሥራ ምቷን ማለትም ክሎኳን በሚያመነጨው ክፍል) ነው፤ ያውም ለ8 ተካፍሎ በ1 ሜጋ ኸርዝ። ይህ ኦሲሌተር የተስተካከለው ለ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ በቆላ ሙቀት ይዛነፋል። ስለዚህ ተማሪው ወደ ውጭ ክሪስታል ልቀይር ማለቱ ተገቢ ነው። ክሎኩ ከየት እንደሚመጣ የሚወስኑት ፊውዝ ቢቶች ግን የተገላቢጦሽ ናቸው፦ 0 በርቷል፣ 1 ጠፍቷል ማለት ነው። (ይህን ያወጣው መሐንዲስ ጀማሪን ያሰበ አይመስልም።) አንዲት ቢት ስትሳሳት ቺፗ ከውጭ የማይመጣ ክሎክ ስትጠብቅ ትቀራለች። አዲስ ትእዛዝ ለመቀበልም ክሎክ ስለሚያስፈልጋት ፕሮግራም የሚጽፍባትን መሣሪያ፣ ፕሮግራመሩን፣ አትሰማውም።

ማዳኛው ቀላል ነው። ሌላ አርዱዊኖ ካሬ ሞገድ እንዲያወጣ ይደረግና ሽቦው ባለ28 እግሯ ቺፕ 9ኛ እግር ላይ ይገባል፤ ግራውንዳቸውም ይገናኛል። ያኔ ፕሮግራመሩ ያገኛታል፤ ፊውዞቹም እንደገና ይጻፋሉ። በስህተት ወደ 128 ኪሎ ኸርዝ ወርዳ ከሆነ ደግሞ የፕሮግራመሩን ፍጥነት ከ32 ኪሎ ኸርዝ በታች፣ የ8 ማካፈያው በርቶ ከሆነም ከ4 ኪሎ ኸርዝ በታች ማድረግ ነው። 12 ቮልት የሚሰጥ ልዩ ፕሮግራመር የግድ የሚሆነው የሪሴት እግሯ ከተዘጋ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ፕሮግራሚንግና ዳታ ሳይንስን በኢንተርኔት ያስተምራል። ይበል የሚያሰኝ ነው። ብየዳና ሽቦ ያለበት ሙያ ግን በስክሪን ብቻ አይለመድም፤ ይህን ክፍተት መሙላት ያለባቸው የየአካባቢው ኮሌጆች ናቸው። መምህሩ ሆን ብሎ ፊውዙን አበላሽቶ ይስጥ፤ ተማሪው አስነስቶ ይመልስ፤ ማርኩም በዚያ ይያዝ። ለአንድ ቡድን ሁለት አርዱዊኖ፣ አንድ ቺፕና ጥቂት ሽቦ ይበቃል።