«ዝም» ሲነቅዝ

በቅርቡ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከአሜሪካ ለእረፍት መጥቶ ምሳ ጋበዘኝ። ዜግነት ወስዷል፤ ኑሮው ከዋሺንግተን ወጣ ብሎ ነው፤ ለመንግሥት በሚሠራ ድርጅት ውስጥ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው። አብራው የመጣችውን ወጣት «ጓደኛዬ ናት» ብሎ አስተዋወቀኝ። እጇን ልትታጠብ ስትነሳ ጠጋ አለና፣ «ጋሼ፣ አይቀየሙኝ። ሚስቴ ናት፤ ከተጋባን ሁለት ዓመታችን» አለኝ።

«ታዲያ ምን ያስደብቅሃል?»

«ምሥጢር የመያዝ ፈቃድ አለኝ። የውጭ ዜጋ ማግባቴ ከታወቀ ሥራዬን አጣለሁ። ዘመዶቼም ዝም በል፣ ዝም አይነቅዝም ብለውኛል።»

ባገባ ጊዜ ማሳወቅ ነበረበት፤ አላሳወቀም። ለቪዛዋም አላመለከተላትም፤ ማመልከቻው ጋብቻውን ያጋልጣላ! አሁን ደግሞ ቅጹን እንደገና የሚሞላበት ጊዜ ቀርቧል።

የልጁ ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አይደለም። መንግሥታት የዜጎቻቸውን ትዳር ሲፈሩ ኖረዋል። ሶቭየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1947 ዜጎቿ ከውጭ ሰው ጋር እንዳይጋቡ በአዋጅ ከልክላ ነበር፤ ክልከላው የተነሳው ስታሊን በሞተበት ዓመት፣ በ1953 ነው። አሜሪካ አትከለክልም፤ ትጠይቃለች። ኤስኤፍ 86 የሚባለው ቅጽ ሚስትን ብቻ ሳይሆን አማትን፣ ወንድምን፣ እህትን፣ ለውጭ ዜጋ የሚላክን ገንዘብ ጭምር ይጠይቃል። የአጎቱን ልጅ «ወንድሜ» የሚል፣ በየወሩ ለአክስቱ የሚልክ ሐበሻ ይህን ሲሞላ ቢያልበው አይፈረድበትም።

ነገር ግን እስቲ ደንቡን እንየው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የሚሠራበት መመሪያ 13 መመዘኛዎች አሉት። አንዱ «የውጭ ተጽዕኖ» ነው። እዚያ ላይ የውጭ ዜጋ ማግባት በራሱ በር አይዘጋም። የሚመዘነው የሚስቲቱ አገር ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ቤተሰቧ ከመንግሥት ጋር ያለው ትስስር፣ በሷ በኩል ባልየው ላይ ጫና ሊደረግ መቻል አለመቻሉ ነው። ሌላው መመዘኛ የግል ጠባይ ነው፤ አውቆ መደበቅ እዚህ ይወድቃል። በቅጹ ላይ አውቆ መዋሸት ደግሞ እስከ 5 ዓመት ሊያሳስር የሚችል ወንጀል ነው። እንግዲህ ፍረዱ! ልጁ የሚያስጠይቀውን ሸሽቶ ወደሚያስከስሰው እየሄደ ነው።

ምሥጢር ጠባቂ መሥሪያ ቤት አጥብቆ የሚፈራው በሚስቱ ሊያስፈራሩት የሚችሉትን ሰው ነው። የተነገረች ሚስት ማስፈራሪያ አትሆንም። የተደበቀች ግን «እነግርብሃለሁ» ለሚል ሁሉ መያዣ ናት። ዘመዶቹ ከአደጋ ያወጡት መስሏቸው አደጋውን ራሳቸው ሠሩለት።

መንግሥት ንጹሕ ነው አልልም። እውነቱን ተናግሮም ወራት ሙሉ በጥርጣሬ ሲመዘን የሚከርም፣ ይባስ ብሎም ፈቃዱን የሚያጣ አለ። የትውልድ አገርን ለመጠርጠሪያ ማድረግ ያሳምማል። ያ ዋጋ እውነተኛ ዋጋ ነው። ጥያቄው ማን ይክፈለው ነው። ዛሬ እየከፈለች ያለችው እሷ ናት። በሽማግሌ ተጠይቃ፣ በወግ ተድራ፣ በምሳ ገበታ ላይ «ጓደኛዬ» ተባለች። ደመወዙ የሱ፣ መደበቁ የሷ! ቅጹ ላይ ስሟን መጻፍ የፈራ ሰው፣ ነገ ልጅ ቢወልዱ ልጁንስ ምን ብሎ ሊጽፈው ነው?

«ይህን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ፈልግ፤ ቅጹ እስኪመጣ አትጠብቅ፤ ራስህ ቀድመህ ተናገር» አልኩት። «ሥራዬ ቢሄድስ?» አለኝ። ሊሄድ ይችላል፤ አልዋሸሁትም። ግን የኮምፒዩተር ባለሙያ ሌላ ሥራ ያገኛል። በሐሰት መረጃ የተከሰሰ ሰው ግን የትም ቢሄድ ክሱ ይከተለዋል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባል የለ?

ልጅቷ ታጥባ ስትመለስ ዝም አልን። እሷም ዝምታችንን አይታ አንገቷን ደፋች፤ ለምዳዋለች መሰለኝ። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው ያን ቀን ከእኛ ጋር ምሳ ቢበላ ኖሮ፣ ተረቱን ይመልስ ነበር።