ለመተማ ገበያ ጌቶች

ለቀድሞዎቹ የመተማ ገበያ ሹማምንት፣ ባለኬላዎችና ነጋዴዎች፣ መንገዳችሁን ለወረሱ ደላሎችም፤

በባሪያ ንግዱ ዘመን ከጊቤ ማዶ የተነጠቀች ልጅ ዓባይን ተሻግራ ባሶ ገበያ ላይ ትሸጥ ነበር። ጎንደር ላይ እንደገና ትሸጥና በጭልጋ አድርጋ ቆላ ለቆላ ወደ እናንተ ትወርድ ነበር። እንደ ቡናው፣ እንደ ሰሙ፣ እንደ በቅሎው በየኬላው ቀረጥ ይከፈልባት ነበር። ነጋዴው ሙስሊም ነው፣ ባለኬላው ክርስቲያን ነው እያላችሁ አታመካኙ፤ ሁላችሁም በልታችሁባታል።

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. ገበያችሁን አይቷል። በሰሌን ዳስ ውስጥ ገዢ የሚጠብቁት ልጃገረዶች ከ9 እስከ 17 ዓመት የሚሆናቸው ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት! አጼ ቴዎድሮስ የባሪያ ንግድ ይቅር ካሉ በኋላ መሆኑ ነው።

በዚያው ዓመት አሜሪካኖች በባርነት ጉዳይ እርስ በርስ ይተላለቁ ነበር። ሉዊዚያና ውስጥ የጥጥ እርሻ ጌቶች ሲበደሩ ባሮቻቸውን ያስይዙ ነበር፤ ሁለት ባንኮች ብቻ 13 ሺህ ያህል ሰው በመያዣነት ተቀብለዋል። ግፉ ግፍ ነው። ሰነዱ ግን ስለተገኘ፣ እነዚያን ባንኮች የወረሰው ጄፒ ሞርጋን ቼዝ እ.ኤ.አ. በ2005 በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። የእናንተ ደብተር የት ገባ? ከሸጣችኋቸው መካከል አንዷን እንኳ በስሟ ጠርቼ የማለቅስበት ወረቀት አጣሁ።

በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሾች ጎንደርን አቃጥለው ምርኮኛውን በዚሁ መንገድ ወደ ኦምዱርማን ነዱት። የጊቤዋ እናት ያለቀሰችውን ያን ጊዜ የጎንደሯ እናት አለቀሰችው። ከእንግሊዝ ጋር የባሪያ ንግድን የሚከለክል ውል በ1876 ዓ.ም. የተዋዋሉት አጼ ዮሐንስም በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚሁ መተማ ወደቁ። ከተማችን ዛሬ በስማቸው ትጠራለች። ለእነዚያ ልጆች ግን ዳሱ በነበረበት ቦታ አንድ ድንጋይ እንኳ አላቆምንም፤ ይህ ደግሞ የእኛ የዛሬዎቹ ዕዳ ነው።

ከአያቱ ሳጥን የኬላ ደብተር ወይም የሽያጭ ውል የተረፈው ቤተሰብ ካለ፣ አፍሮ አይደብቀው፤ ያውጣው።

እናንተ ደላሎች! በሌሊት ወደ ሱዳን ያሻገራችሁትን፣ ሊቢያ ላይ ለአጋች አሳልፋችሁ የሰጣችሁትን ልጅ ታውቁታላችሁ። መሬት ሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ ገንዘብ የላከላችሁን አባትም ታውቁታላችሁ። ልጁ ካለ የት እንዳለ፣ ከሞተም የት እንደተቀበረ ንገሩት። እርሙን ያውጣ።