ከኮይሉ በፊትና በኋላ

በአንጎል ደም ቅዳ ግድግዳ ላይ የሚፈጠር እብጠት፣ አኒዩሪዝም፣ ለዓመታት ያለ ምልክት ሊቆይ ይችላል። ሲፈነዳ የሚያስከትለው የራስ ምታት ግን ድንገተኛና እጅግ የበረታ ነው፤ ዳግም የመድማት ስጋቱም በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ይከፋል። በመርካቶ እንዲህ ያለ ሕመም የገጠመው ተሸካሚ ወይም ባለ ሱቅ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ቢያሸት አያስገርምም። ውድ ጊዜ የሚባክነውም እዚያ ነው።

በደም ሥር ውስጥ በካቴተር የሚሰጠው ሕክምና ጠንካራ ማስረጃ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነውና 2143 ሕሙማንን ያካተተው ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ለሞት ወይም ለሰው ጥገኝነት የተዳረጉት በኮይል ከታከሙት 23.7 በመቶ፣ የራስ ቅላቸው ተከፍቶ በክሊፕ ከታከሙት ደግሞ 30.6 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ነገር ግን ጥናቱ ያካተተው ለሁለቱም መንገዶች አመቺ የሆኑ ሕሙማንን ነው። አንገተ ሰፊና ግዙፍ የሆኑትን ውስብስብ እብጠቶች በዚህ አኃዝ ብቻ መመዘን አይቻልም።

ለእነዚህ ብዙውን ጊዜ ስቴንት ወይም የደም ፍሰትን የሚያዞር መረብ ያስፈልጋል። ታካሚውም አስፕሪንና ክሎፒዶግሬልን ለወራት ሳያቋርጥ መውሰድ ይኖርበታል፤ ቢያቋርጥ መረቡ ውስጥ ደም ሊረጋና አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። የዕለት ገቢው በዕለት ሥራው ላይ ለተንጠለጠለ፣ ወይም ከአውቶቡስ ተራ ተሳፍሮ ወደ ትውልድ ቀዬው ለሚመለስ ሰው ይህ ቀላል ግዴታ አይደለም።

«ይህ የሀብታም አገር ሕክምና ነው» የሚለው ክርክር ግን አያስኬድም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2006 የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ጀምሯል፤ መሠረቱ አለ። ክሊፕ የሚያደርገው ቀዶ ሐኪምና ካቴተር የሚያስገባው ባለሙያ በአንድ ማዕከል ተቀምጠው ለእያንዳንዱ ታካሚ በጋራ ሊወስኑ ይገባል። ክሊፕ በሚበጅበት ቦታ ክሊፕን መምረጥም ኋላ ቀርነት አይደለም።

ለማዕከሉ የሚመደበው በጀት ታዲያ በመሣሪያው ግዢ ማብቃት የለበትም። የወራቱን መድኃኒትና የክትትል ምስሉን ዋጋ ሊይዝ ይገባል። በአዲስ ከተማ ጤና ጣቢያዎችም የደም ግፊት ቁጥጥርና የድንገተኛ ራስ ምታት ልየታ ሊጠናከር ያስፈልጋል። የመርካቶው ተሸካሚ በጊዜ ካልደረሰ፣ ወይም ከታከመ በኋላ ክኒኑን መግዛት ካቃተው፣ የረቀቀው መሣሪያ ብቻውን አያድነውም።