የሕፃናትን ልቡና ስለሚመረምሩ ተማሪዎች

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ትምህርት ከመጀመሪያው ዲግሪ በላይ ይሰጣል። ነገር ግን የሕፃን ልቡና ከመጽሐፍ ብቻ አይመረመርም። በአዳማ ከተማ አንዱ ልጅ በኦሮምኛ፥ ሌላው በአማርኛ ይማራል፤ በቤቱ የሚነገረው ግን ሌላ ቋንቋ ሊሆን ይችላል። ቢኔና ሲሞን የተባሉ ፈረንሳውያን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1905 የአእምሮ መመዘኛ ያወጡት፥ ርዳታ የሚያሻውን ተማሪ ለመለየት ነበር፤ ያወጡትም ለፓሪስ ልጆች ነው። እንዲህ ያለው መመዘኛ ሳይታረም በአዳማ ልጅ ላይ ቢጫን፥ ቋንቋው የቸገረውን ወይም ጆሮው የደከመውን አእምሮ እንደ ጐደለው ያስቈጥረዋል። የኔታ እንኳ (ሁሉም ባይሆኑ) የያንዳንዱን ደቀ መዝሙር ድምፅ ለይተው ያውቃሉ። ስለዚህ እነዚህ ተማሪዎች ከመመረቃቸው አስቀድሞ በአዳማ ትምህርት ቤቶችና በአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ፥ በሚያርማቸው መምህር ሥር፥ በልጁ ቋንቋ አንድ ዓመት ቢሠሩ ይገባል። ወጪውንም የትምህርትና የጤና ሚኒስቴሮች ይካፈሉት።