በርሜላችንን እንክደን

በአውሮፓና በአሜሪካ የላይም በሽታን የምታስተላልፈው መዥገር ወደ አዳዲስ ቦታዎች እየተዛመተች ነው። ጅቡቲ ላለነው ስደተኞች ግን የቅርቡ ስጋት የወባ ትንኝ ናት።

እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ የተመዘገቡት የወባ ሕሙማን 27 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል የእስያ ትንኝ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ተገኘች። በ2020 ሕሙማኑ ከ73 ሺህ በለጡ። በ2022 ድሬዳዋም በዚችው ትንኝ የተነሳ ወረርሽኝ ገጥሟታል።

ብዙዎቻችን ወባን የምናውቀው ከረግረግና ከክረምት ጋር ነው። ይህቺ ግን ከተሜ ነች፤ በበጋም ቢሆን በበርሜልና በሮቶ ባጠራቀምነው ንጹህ ውሃ ትራባለች። ማጠራቀማችን ጥፋት አይደለም፤ ውሃ እንደልብ አይመጣማ! ጥፋቱ ክፍት መተው ነው። እንቁላሏ ትንኝ ለመሆን አንድ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። ስለዚህ እንክደን፤ በሳምንት አንዴም ውሃውን ጨርሰን ዕቃውን እንጠበው።

ትንኟ ገና ሳንተኛ መናከስ ስለምትጀምር አጎበር ብቻውን አይበቃም። የውሃ ዕቃ የሚያድሉ ድርጅቶችም ክዳን ያለውን ይስጡን። ልጅ ካተኮሰው "ብርድ ነው" ብለን አንለፈው፤ በዕለቱ ደሙ ይመርመር። የአንዱ ክፍት በርሜል የጎረቤቱን ልጅ ያሳምማል።