ከመብሳት በፊት ማስላት

በጎብዬ፣ በቆቦና በራያ ቆላ ጠመንጃ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ቅርስ ነው። ከእነዚህም መካከል በተለምዶ «ቤልጅግ» የሚባለው፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት ወደ አገራችን የገባው የሞዘር ዝርያ ይገኝበታል። ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ወራሽ ይህን ጠመንጃ ለአደን መነጽር ሊያስገጥምለት ሲያስብ «የትኛው መነጽር ይሻላል?» ብሎ ይጠይቃል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ቀዳሚው ጥያቄ «መነጽሩን ምን ይይዘዋል?» የሚለው ነው።

ስሌቱን አብረን እንሥራ። 12.8 ግራም የሚመዝን ጥይት በሰከንድ 760 ሜትር ፍጥነት ሲወጣ፣ 4 ኪሎግራም የሚመዝነው ጠመንጃ በሰከንድ 2.4 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይገፋል፤ ይህም የባሩዱን ጋዝ ሳንቆጥር ነው። ግፊቱ የሚፈጸመው በ1.5 ሺሕኛ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ነው። እንግዲህ 400 ግራም የሚመዝነውን መነጽር ከጠመንጃው ጋር ይዞ ለመሄድ መያዣው ወደ 640 ኒውተን የሚደርስ ኃይል መሸከም አለበት። ይህ ከ65 ኪሎግራም ክብደት ጋር የሚስተካከል ሲሆን በእያንዳንዱ ተኩስ ይደገማል። በ10 ሴንቲሜትር ርቀት ከተተከሉት ሁለት መያዣዎች አንዱ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ወደ ጎን ቢሸሽ፣ ጥይቱ በ100 ሜትር ላይ 10 ሴንቲሜትር ይስታል። በመሆኑም ውድ መነጽር በልል መያዣ ላይ ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው ችግር ከፍታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 በወጣው የሞዘር አሠራር መዝጊያው ሲከፈት እጀታው ወደ ላይ ይነሣል፤ የመጠበቂያ ቁልፉም ከኋላ ቀጥ ብሎ ይዞራል። መነጽሩ ዝቅ ካለ ሁለቱም ይነኩታል። ከፍ ካለ ደግሞ የተኳሹ ጉንጭ ከሰደፉ ይለቃል፤ ዓይኑ ከመነጽሩ መካከል ይወጣና ፓራላክስ የሚባለው ስሕተት ይከተላል።

የጀርመን አንጥረኞች ለዚህ ያበጁት ጥንታዊ መፍትሔ የመንጠቆ መያዣ ነው። መነጽሩ ከፊትና ከኋላ ባሉ መንጠቆዎች ይቆለፋል፤ ሲፈለግም ይወልቃል፤ ተመልሶ ሲገባም ቀድሞ ቦታው ላይ ያርፋል። ይህ የሚሆነው ግን ባለሙያው እያንዳንዱን መንጠቆ ለዚያው ጠመንጃ ብቻ በሞረድ ካስተካከለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 በኒውዮርክ የተቋቋመው ግሪፊን ኤንድ ሃው ያስተዋወቀው መያዣ ደግሞ በጠመንጃው ግራ ጎን ላይ በብሎን የሚታሰር ነው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ብረቱን መንካት ይጠይቃሉ።

ክርክሬም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ለኢትዮጵያ ከተሠሩት ሞዘሮች አንዳንዶቹ አፈሙዙ በሚታሰርበት የብረት ቀለበት ላይ የይሁዳ አንበሳ ምልክት ተቀርጾባቸዋል። አብዛኛው የፊት መያዣ የሚያርፈው እዚያው ቀለበት ላይ ስለሆነ ትራፓኖው የሚበሳው አንበሳውን ነው ማለት ነው። «መሣሪያ ሊሠራበት እንጂ ሊታይ አልተሠራም» የሚሉ አሉ፤ ቀድሞ ለተበሳና ምልክት ለሌለው ጠመንጃ እኔም እስማማለሁ። የተበሳ አንበሳ ግን አይመለስም።

ከዚህ የከፋው መያዣውን በብየዳ ማስያዝ ነው። የእነዚህ ጠመንጃዎች ብረት ውስጡ ለስላሳ ሲሆን የጠነከረው ገጹ ብቻ ነው። የብየዳ ሙቀት ይህን ጥንካሬ ያጠፋዋል። መዝጊያው የሚደገፍበት ብረት ከላላ በየተኩሱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የጥይቱም ቀለህ በተኳሹ ፊት አጠገብ ሊቀደድ ይችላል። ማንም ብየዳ ቤት ይህን ሥራ ሊቀበል አይገባም።

ታዲያ ምን ይሻላል? መነጽር የግድ ካስፈለገ፣ በነባሩ የኋላ ማነጣጠሪያ መሠረት ላይ ሳይበሳ የሚታሰር መያዣ አለ። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 1.5 ጊዜ ብቻ የሚያጎላ ትንሽ መነጽር በዚያ ቦታ አስረው ነበር። መነጽሩ ከዓይን ስለሚርቅ የሚታየው ስፋት ይጠብባል፤ ጠመንጃው ግን እንደነበረ ይቆያል። አለበለዚያ የአያትን ማነጣጠሪያ በደንብ መልመድ ይበቃል። የመሣሪያ ባለቤትነት በአዋጅ ቁጥር 1177/2012፣ አደንም በአዋጅ ቁጥር 541/1999 በፈቃድ የሚመሩ መሆናቸው እንዳይዘነጋ።

ውድ ተማሪዎች፣ ፊዚክስ እንዴት እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን ምን መሠራት እንደሌለበትም ያስተምራል። ከትራፓኖው በፊት እርሳስና ወረቀት ይቅደም።