የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ቁልፉ ጎረቤት ዘንድ ነው



ይህ እትም ጊትሃብን በመሰሉ የሶፍትዌር መሥሪያ መድረኮች ላይ ስለሚቀጠሉ የሌሎች ድርጅቶች አገልግሎቶች ነው። ኮድ በገባ ቁጥር የሚፈትን አለ፤ ስህተት ሲገኝ ስላክ በተባለው የመልእክት መለዋወጫ የሚጮህ አለ (አንዳንዴም ከሚገባው በላይ ይጮኻል)፤ የጂራን የሥራ ዝርዝር ከኮዱ ጋር የሚያያይዝም አለ። ለአነስተኛ ቡድን ትልቅ እፎይታ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ሰፊውን ገጽ የሰጠሁት ግን ለፈቃድ ጉዳይ ነው። አገልግሎቱን ለማገናኘት «ፍቀድ» የሚለውን ስንጫን፣ ቶክን የሚባል የመግቢያ ቁልፍ ለሌላ ድርጅት እናስረክባለን። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 ጊትሃብ እንዳስታወቀው፣ ሄሮኩና ትራቪስ ሲአይ ለተባሉ አገልግሎቶች የተሰጡ ቶክኖች ተሰርቀው የጃቫስክሪፕት ጥቅሎች ማከማቻ የሆነውን ኤንፒኤምን ጨምሮ የበርካታ ድርጅቶች የግል ኮድ ተገልብጧል። የጊትሃብን በር የሰበረ አልነበረም።

በማርች 2025 የሆነው ይብሳል። ከ23,000 በላይ የኮድ ማከማቻዎች የሚጠቀሙበት «ቲጄ አክሽንስ ቼንጅድ ፋይልስ» የተባለ መሣሪያ ውስጥ ተንኮለኛ ኮድ ገባ፤ የይለፍ ምስጢሮችንም በሥራ ሂደቱ መዝገብ ላይ አተመ። የቆዩት የስሪት መለያዎች ሳይቀሩ ወደዚያው ኮድ እንዲያመለክቱ ስለተደረገ፣ በራሱ በኩል አንዳች ያልነካ ቡድንም ተጋለጠ። ከስሪት መለያ ይልቅ አስተማማኝ የሆነ ኮሚትን (የተመዘገበ የኮድ ለውጥን) በሙሉ መለያ ቁጥሩ ጠቅሰው የሚሠሩት ተርፈዋል።

ቀጣዮቹን ገጾች ከማገላበጣችሁ በፊት የቡድናችሁን የፈቃድ ዝርዝር ክፈቱ፤ ማን፣ ለምን እንዳስገባው የማይታወቅ አገልግሎት ካገኛችሁ ፈቃዱን ዛሬውኑ ሰርዙ።